ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እናይ ነበር

ድምቢጥ ያልናት እኛ ነን። ለስሙ ያበቃት ማጠሯ ብቻ አልነበረም፤ አቀማመጧም ጭምር ነው። ወንበር ከሆነ ጫፉ ላይ፣ አልጋ ከሆነ ጠርዙ ላይ፣ ኮሽ ሲል ብር ልትል እንደተዘጋጀች ወፍ ትቀመጥ ነበር። እኔ በተፈጥሮዬ የሰው ነገር የምጠይቅ ልጅ አይደለሁም። ነገር ግን በኮሌጁ መኝታ ክፍላችን የእኔ አልጋ ከታች፣ የእሷ ከላይ ስለነበር እግሮቿ ፊቴ ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ፤ በአንደኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ለምን ወደ ውስጥ ገብታ እንደማትቀመጥ ጠየቅኋት።

«ተነሺ ሲሉኝ እንዳልንዛዛ ነው» አለችና ሳቀች።

ያደገችው አጎቷ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ፍራሿ ጠዋት ጠዋት ተጠቅልሎ ከሶፋው ኋላ ይገባል፤ እንግዳ ከመጣ እንግዳው እስኪሄድ ወጥ ቤት ቆማ ትጠብቃለች። አጎቷ ክፉ ሰው እንዳልነበሩ ደጋግማ ነግራኛለች። ቤቱ ጠባብ ነበር፣ በቃ። የአጎቷ ልጆች በየዓመቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቁመታቸው በከሰል ሲለካ ከሰሉን የምታቀብለው እሷ ነበረች። የእሷን ማንም ለክቶት አያውቅም። ይህንን የነገረችኝ እንደ ቀልድ ነው፤ እኔም እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ገንዘብ ስላልነበረን አንዝናናም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚያ ዓመት የሳቅሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ስቄ አላውቅም። የቤተ መጻሕፍቱን አሳንሰር እስከ ላይ ወጥተን እንወርዳለን። ሽቶ መደብር ገብተን «እህቴ፣ ይሄ ለሰርግ ይሄዳል?» እያልን ሦስት ዓይነት ሽቶ ተቀብተን እንወጣና አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከአጠገባችን ይሸሻል። ፎቶ ቤት መስኮት ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች እናፋታለን፣ ለሌላ እናጋባለን። ሦስተኛችን መሐንዲሱ ነበር፤ የግንበኛ ልጅ፣ ምህንድስና የገባ፣ ድልድይ ይቅርና መደርደሪያ አቁሞ የማያውቅ። ሲያፋታ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ቤት ማየት የጀመርነው በዝናብ ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «የሚሸጥ ቤት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር ሥር ተጠልለን ሳለ አንድ ሰውዬ ከፈተና ቤቱን ልናይ መጥተን እንደሆነ ጠየቀን። እኔና መሐንዲሱ አፋችንን ሳንከፍት ድምቢጥ «አዎ» አለች። ሰውዬው ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት አስጎበኘን፤ ውሃ ሰጠን፤ እስከ በሩ ሸኘን። መንገዱ ላይ ስንደርስ እርጥብ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲኒማችን ይሄ ሆነ።

ቀስ በቀስ ተካንንበት። መሐንዲሱ እህቶቹን ሊያሰፍር ቤት የሚፈልግ ነጋዴ ወንድም ነው። የሚለብሰው የፎቁን ኮት ነው። የፎቁ ኮት የምንለው ማን ገዝቶ ማን ትቶት እንደሄደ የማይታወቅ ጥቁር ኮት ሲሆን፣ የወንዶቹ ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ሁሉ ለፎቶም ለቀጠሮም ይለብሰዋል፤ ከኪሱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ዕቃ አይጠፋም። መሐንዲሱ ኮቱን ሲለብስ ድምፁ ይወፍራል። ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ይጠይቃል። አንድ ደላላ «ወንድምሽ አዋቂ ነው» ብሎ ሹክ ሲለኝ ሳቄን ለመዋጥ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ አድምቼዋለሁ።

እኔና ድምቢጥ ደግሞ አንድ ደህና ጫማ ነበረን፤ እናቴ ለኮሌጅ ብላ የገዛችልኝ ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ። በተራ እናደርገዋለን። የእሷ ተራ ሲሆን ጫፉ ላይ ጥጥ ትወትፍበታለች፤ የእኔ ተራ ሲሆን እሷ ሸራ ጫማዋን አድርጋ ከኋላ ትመጣለች።

ሕግም ነበረን። ያወጣችው ድምቢጥ ናት። አንደኛ፣ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አይታይም። ሁለተኛ፣ ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም፤ የበላንበትን ቤት አንገዛም ማለት ነውር ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ እያንዳንዳችን ለራሳችን የሚሆን ክፍል እንመርጣለን፤ ምርጫችንን የምንናገረው ግን ከውጭ በር ወጥተን፣ መንገዱን ከረገጥን በኋላ ብቻ ነው። ውስጥ ሆኖ «ይሄ የእኔ ነው» ማለት ክልክል ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። ጨዋታ አይደል፤ ጨዋታ ሕግ አለው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ ለማጠቃለያ ፈተና አራት ሳምንት ያህል ሲቀረን፣ ባለጥላው ደላላ መንገድ ላይ አስቆመን። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥላ ስለማይለየው ነው እንዲያ የምንለው። ብዙ ቤት አሳይቶናል፤ እንደማንገዛ ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ለእኛ የሚሆን አንድ ቤት እንዳለ ነገረንና መልሳችንን ሳይጠብቅ ፊት ፊት ሄደ። የጫማው ተራ የእኔ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ተረከዜ ድንጋዩ ላይ ሲንቋቋ እንደነበር እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ድምፅ አልነበረማ። ብየዳ ቤቱ ተዘግቷል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ክፍት ነው፣ ሰው ግን የለበትም።

ቤቱ ከጠባብ ቅያስ መጨረሻ ላይ ያለ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ነው። የከፈቱልን ሴትዮ ከስድሳ በላይ ይሆናቸዋል። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሰፍተዋል። ሜትራቸው እንደ አንገት ልብስ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያናግሩን ፊታችንን አላዩም፤ ትከሻችንን ነው ያዩት። የእኔን አዩ፣ አለፉት። የድምቢጥን ሲያዩ ቆሙ።

«ገባሽ?» አሏት፤ ከሱቅ ለተመለሰ ልጅ እንደሚባለው።

ሳሎኑ ውስጥ የስፌት መኪና፣ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ የመርፌ ትራስ። ወጥ ቤቱ ንጹሕ። ከዚያ ረጅም መተላለፊያ፣ በስተመጨረሻው አንድ ክፍል። አልጋው ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ለመግባት እንዲመች ጥጉ ላይ ተገልጧል። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ወንበር ሰው አሁን ከላዩ የተነሣ ይመስል በትንሹ ወደ ኋላ ተስቧል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ውስጡ ገና ትንንሽ አረፋ አለ። ከእኛ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ሴትዮዋን ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እንደ ልማዴ።

የክፍሉ በር መቃን በቀኝ በኩል የእርሳስ መስመሮች ነበሩበት። ቁመት የተለካባቸው ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን በቀጭን ጽሕፈት ቀን ተጽፏል። የላይኞቹን ሁለት ሦስቱን አነበብኩ። የሁሉም የበላይ የሆነው መስመር ቀኑ ከሁሉም የቀደመ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ከእሱ ዓመት ቆይቶ፣ ከዚያ ሥር ያለው ደግሞ ከዚያም ቆይቶ የተጻፈ ነው። ሴትዮዋ ቀኑን አሳስተው ይሆናል አልኩ በልቤ። ከዚያ በታች ያለውን ለማንበብ አላጎነበስኩም።

ድምቢጥ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ሸራ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ ተመለሰችና በግራ በኩል ባለው፣ ምንም ባልተጻፈበት መቃን ላይ ጀርባዋን አስጠግታ ቆመች። ማንም ቁሚ አላላትም። ሴትዮዋ ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ፤ ራሷ ላይ አሳርፈው ሠመሩ፤ ቀኑን ጻፉ። ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው ላይ የእፎይታ ዓይነት ነገር አየሁ።

«አልጨመርሽም» አሏት።

ድምቢጥ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም። በኋላ ሳስበው፣ በዕድሜዋ ሙሉ ቁመቷን ከትናንት ጋር ያስተያየላት ሰው ገና ያን ቀን ማግኘቷ ነበር። ወደ አልጋው ዞረችና፣ ገና ክፍሉ ውስጥ እንዳለች፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ «ይሄ የእኔ ነው» አለች።

መሐንዲሱ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

መንገድ ላይ ወጥተን ጨዋታችንን ለመቀጠል ሞከርን። መሐንዲሱ ወጥ ቤቱን መረጠ፤ የሚበላ ነገር ያለበትን ነው እንደ ሁልጊዜው። እኔ ምን እንደመረጥኩ ትዝ አይለኝም። ድምቢጥ «እኔ ውስጥ ተናግሬያለሁ» አለችና ከፊታችን ፈጥና ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልተከተለችንም። ብቻዋን ተመልሳ ወደዚያው ቤት ሄዳ ነበር። ስትመጣ የወተት ሽታ ነበራት፤ ዳቦና የሞቀ ወተት ቀርቦላት በልታ ነው። ሁለቱን ሕጎቿን በአንድ ቀን ማፍረሷን መሐንዲሱ ሲያሾፍባት፣ ፈገግ ብላ ሴትዮዋ ብቸኛ እንደሆኑ ነገረችን። ከዚያ ሰኞ፣ ከዚያ ረቡዕ ሄደች። በሐሙሱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ክፍል ገባች። ግራጫ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው፣ ልክክ ያለ። ሴትዮዋ ሜትር እንዳላስነኳት ነገረችኝ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ በዓይኑ ይለካል፣ አውቃለሁ። ግን ቀሚሱን ሳጥፍላት የታችኛውን ጠርዝ ከውስጥ ገለበጥኩት። የተፈታ ስፌት የተወው የመርፌ ቀዳዳ ነበር፤ አንድ መስመር አይደለም፣ አራት አምስት። ያ ቀሚስ ብዙ ጊዜ አጥሮ፣ ደግሞ አጥሮ፣ ደግሞ አጥሮ፣ ለእሷ ሲባል መልሶ ተለቋል።

በማግስቱ ትራሷን ይዛ ሄደች። እዚያ ጸጥታ ስላለ ለፈተና እንደምታነብ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ እንደሆነ ነግራኝ ሳመችኝ። የላይኛው አልጋ ባዶ ሆነ። ተንጠልጥለው የሚውሉት እግሮቿ ከፊቴ ጠፉ፤ ንባብ የሚረብሸኝ ነገር ባይኖርም አላነበብኩም።

ሳምንቱ ሁለት ሆነ። ክፍል አልመጣችም። በመጀመሪያው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ላይ ያልተገኘ ተማሪ ከኮሌጁ ይሰረዛል፤ ድምቢጥ ከተሰረዘች የምትመለስበት ከሶፋ ኋላ ያለ ፍራሽ ነው። ያንን ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ፈተናው ሰኞ ሊጀምር ቅዳሜ ጠዋት ባለጥላውን ደላላ ፍለጋ ወጣሁ። የሚቆምበት ማዕዘን ላይ አገኘሁትና ቤቱ ተሸጦ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ሌላ አጀማመር አላገኘሁም።

ደላላው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ያ ቤት አይሸጥም እህቴ። ዘጠኝ ዓመት ሰው አስገብቻለሁ። ሴት ልጅ ያለችበት ቤተሰብ አምጣልኝ ይሉኛል፣ አመጣለሁ። እሳቸው ሻጭ አይደሉ፣ እናንተ ገዢ አይደላችሁ። የምር የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ።»

«በሩ ላይ ቁመቷ የተለካው ልጃቸው ናት? የት ናት ጋሼ?»

ልጅ ነበረቻቸው ሲባል እንደሚሰማ፣ ኮሌጅ ደርሳ ነበር እንደሚሉ፣ ስትወጣ አየሁ የሚል ሰው ግን አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ይህን ሲል ጥላውን ከፈተ፣ ዘጋ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«እኔ እስከ በሩ ነኝ» አለኝ። «ከበሩ ወዲያ የደላላ ሥራ የለበትም። ጓደኛሽ ግን ከሌሎቹ የቆየች መሰለኝ። ሌሎቹ ወተቱን ጠጥተው ይሄዳሉ።»

መሐንዲሱን ጠራሁት። ኮቱን ለብሶ መጣ፤ ለምን እንደለበሰው ስጠይቀው ያለ ኮት ከገባ ማን እንደሚሆን እንደማያውቅ ነገረኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ጫማውን አላደረግሁም። ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ተራው የማን እንደሆነ ጠፍቶን።

በሩን የከፈተችው ድምቢጥ ናት። ግራጫውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ባዶ እግሯን ናት። አየችን፤ ደስ አላት። ደስታዋ ግን እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ደስታ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ» አለች። «ሳሎኑ ሰፊ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል።»

መሐንዲሱ ድምፁን አወፍሮ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ጠየቃት። ሊያስቃት ነው። ያለ አንዳች ፈገግታ፣ መሠረቱ ጥልቅ እንደሆነ፣ ቤቱ ጠንካራ እንደሆነ አስረዳችው። እሱን ሳሎን ትተን መተላለፊያውን ይዘን ወደ ውስጥ ገባን።

ክፍሏ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያየሁት ነገር ሐሳቤን ሁሉ ሊያስጥለኝ ነበር፤ መሀሉ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ እጆቿን በመደገፊያው ላይ ዘርግታ። ለመነሣት አልተዘጋጀችም። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበርና፣ ለምን ላስነሳት መጣሁ አልኩ። ሰው በስንት መከራ መቀመጫ ሲያገኝ ነይ ወደ ጠርዙ ይባላል?

ሰኞ ፈተና እንደሆነ ነገርኳት። ዘንድሮ ብታርፍ እንደሚሻል፣ ገና ልጅ ስለሆነች የሚያስቸኩላት ነገር እንደሌለ መለሰችልኝ። ድምፁ የእሷ ነው፤ ቃሉ ግን የሌላ ሰው ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ደብተር አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር፤ ጠጥታው ጎደል ብሏል።

ሴትዮዋ ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ለእኔም ወተት ሊያፈሉልኝ ፈለጉ። ደግነታቸው የውሸት አልነበረም። የፈራሁት እሱን ነው። ፊታቸውን ላለማየት ዓይኔን ወደ መቃኑ መለስኩ፤ ያን ቀን ያላነበብኩትን ማንበብ ጀመርኩ። በቀኝ በኩል ያሉት መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ቀኖቹ አልተሳሳቱም። በየዓመቱ አራት ጣት፣ አንዳንዴ አምስት ጣት ዝቅ እያሉ ትከሻዬ ላይ ደረሱ፤ ወገቤ ላይ ደረሱ። ለማየት ተንበረከክሁ። የመጨረሻው መስመር ከጉልበቴ በታች ነው። ቀኑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር።

«እማማ፣ እነዚህ የማን ናቸው?»

«የልጄ» አሉ፤ በለሰለሰ ድምፅ። «ኮሌጅ ስትገባ እያደገች ልትሄድብኝ ነበር። ኋላ ግን ተመለሰችልኝ።»

ተነሣሁ። ድምቢጥን በእጇ ይዤ ከወንበሩ አስነሣኋትና በግራ በኩል ካለው መቃን ላይ፣ የራሷ መስመር ካለበት ላይ አቆምኳት። ሴትዮዋ «አንዴ ተለክታለች፣ ዓመት ሳይሞላ ምን ያስፈልጋታል» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ ጥድፊያ ሰማሁ። መሐንዲሱን ጠርቼ ከፎቁ ኮት ኪስ እርሳስ እንዲያቀብለኝ ለመንኩት፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የተነከሰ እርሳስ አወጣ። ለፈተናው ይዤላት የመጣሁትን ደብተር ራሷ ላይ በጠፍጣፋው አሳርፌ፣ ተረከዟ መቃኑን መንካቱን አይቼ፣ ሠመርኩ።

«ዞር በይና እይ» አልኳት።

አዲሱ መስመር ከአሮጌው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር።

ድምቢጥ ጣቷን በሁለቱ መስመሮች መሀል አስገባች፤ ልክክ አለ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞራ ሌሎቹን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ወረደች፤ ወለሉ ጋ ስትደርስ እግሮቿን ሰበሰበች። ሴትዮዋ በእርጋታ «አልጨመርሽም፤ ደህና ነው የኔ ልጅ» አሏት። ድምቢጥ አጎነበሰችና ጉልበታቸውን ሳመች። ትራሷን አነሣች። መተላለፊያውን ሮጣ አልወጣችም፤ ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ሳትነካ በመሀሉ ሄደች። ሴትዮዋ አልተከተሏትም። ከእኔ ጋር ትከሻ ለትከሻ ስንተላለፍ ግን ዓይናቸው እኔ ትከሻ ላይ ቆየ።

«አንቺ ረጅም ነሽ» አሉኝ። «ጊዜ ይፈልጋል።»

ከብረቱ በር ወጥተን መንገዱን ስንረግጥ ቆምን። ማናችንም መጀመር አልፈለግንም። በመጨረሻ መሐንዲሱ «ወጥ ቤቱን፣ እንደ ሁልጊዜው» አለ። እኔ ምንም አልመረጥኩም።

«እኔ የላይኛውን አልጋ» አለች ድምቢጥ።

ሰኞ ተፈተነች። በሁለት ቀን ንባብ የሚመጣ ውጤት አመጣች፤ ሆኖም አለፈች። የዚያን ሳምንት መሐንዲሱ ነገሩን ፈታሁት ብሎ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ድምቢጥ ተረከዝ ያለውን ጫማ አድርጋ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ባዶ እግሯን ነበረች፤ አንዱ ጣት የጫማው ነው። ወረቀት ላይ ሥዕል ሁሉ ሠርቶበታል። በጣም ደስ አለውና ደስ ያለን መሰልንለት። እሱ ከሄደ በኋላ ድምቢጥ ከላይ አልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ያን ቀን የጫማው ተራ የማን ነበር?»

«የእኔ» አልኳት።

«እኔም ሸራዬን ደጃፉ ላይ ነው ያወለቅሁት» አለች።

ቤት ማየቱን ተውነው። ቅዳሜ ከሰዓት አሳንሰሩ ነበር፣ ሽቶው ነበር፣ ሙሽሮቹ ነበሩ። የፎቃችን ልጆች ሁሉ በመኝታ ክፍላችን በር ላይ ቁመታቸውን ሲለኩ ድምቢጥ እርሳሱን ታቀብል ነበር፤ እሷ ግን አልቆመችም። ለምረቃ ጋውን ስንወስድ ልብስ ሰፊው የእሷን ከታች አንድ ጣት ያህል አሳጠረላት፤ በፎርሙ ላይ የተጻፈው ቁመት የመጀመሪያው ዓመት የሕክምና ምርመራ ላይ የተወሰደ ነበር።

ዛሬ ድምቢጥ አስተማሪ ናት። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታለች። ደላላ ቤት ሲያሳያት መጀመሪያ የምታየው ጣራውን ወይም ውሃውን ሳይሆን የበሩን መቃን ነው ይሉኛል፤ አሁን ያለችበትን ቤት መቃን በገዛ እጇ ቀለም ቀብታዋለች። ባለፈው ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ሻይ ስታቀርብልኝ ወንበሯ መሀል ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ። ከዚያ ቤት አብሯት የቀረው ነገር እሱ ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ሳያት ምን እንደማስብ ገባት መሰለኝ፣ አንድ ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ።

«ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ እኮ» አለችኝ። «ኪራይ ነው።»

ሳቅን። የተማሪነታችን ሳቅ ነበር የመጣው። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ከመቃኑ አጠገብ ስንደርስ ግን ሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፣ ትከሻችንን ሰብሰብ አድርገን በመሀሉ አለፍን።